ከአዲስ ቤዝ ጊታር በፊት አዲስ ክር

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ቤታችን ውስጥ ጠብ ተነሳ። የጠቡ መነሻ ቤዝ ጊታር ነው። የልጅ ልጄ እዚሁ ተፍኪ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ቤዝ ይጫወታል፤ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ከሰበታ ልጆች ጋር እየዞረ ይሠራል። መሣሪያውን ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ሙዚቀኛ ላይ ያገለገለ ገዝተንለት ነበር። አሁን ግን «ድምጹ ሞቷል፤ ጀሪካን የምደበድብ ነው የሚመስለው፤ ልጆቹም ይስቁብኛል» ማለት ጀመረ። መፍትሔውንም ራሱ ደምድሞ መጣ፤ አዲስ ቤዝ ይገዛልኝ አለ።

እናቱ አበባ እርሻ ውላ የምትገባ ሴት ናት። በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣዋ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ገንዘቡ ለታናሽ እህቱ የኮሌጅ መመዝገቢያ የታሰበ ነው። «ለእንጨትና ለሽቦ ብዬ የእህትህን ትምህርት አላስቀርም» አለችው። እሱም በሩን ወርውሮ ወጣ። ሁለት ቀን ከአንድ መሶብ አልቀረቡም።

እኔ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የማውቀው ነገር አልነበረም። የማውቀው ሕመምተኛን ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ሆዴን አመመኝ» ብሎ የመጣን ሰው ቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ልከን አናውቅም። መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ይታያል፣ ይዳሰሳል፤ ከዚያም ቀላሉና ርካሹ ምርመራ ይቀድማል። ለጊታሩም ይኸው አይሠራም ወይ ብዬ አሰብኩ። ድሮ በሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ የነበሩ አንድ የሰበታ ሽማግሌ ዘንድ ልጁን ይዤ ሄድኩ። ከእሳቸው የተማርኩትን፣ ከዚያ በኋላም ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ለእናንተ ላካፍል። ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው «አዲስ ካልገዛችሁልኝ» እያለ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና።

ቤዝ የቱ ድምጽ ነው?

በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ቤዝን ለይተን ላንሰማው እንችላለን፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ ባዶ እንደሆነ ወዲያው እናውቀዋለን። የመሐሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተቀረጸ ነው። ከድምጻዊው ሥር ሆኖ እየተመላለሰ እግርን የሚያስነሳው ወፍራም ድምጽ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው። እሱና ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም በኋላም በሮሃ ባንድ የስንቱን ድምጻዊ ካሴት አጅበዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»ም እንዲሁ ነው፤ ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ነበር። በዋሽንግተን ከተቋቋመው ከአድማስ ባንድ ጋር የተጫወተው ቤዚስት ሄኖክ ተመስገን ደግሞ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ የጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቾች አንዱ ሆኗል።

ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን ወፍራም ድምጽ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገናን ያዳመጠ ሰው ቤዝን ለመረዳት አይቸገርም። በገና አሥር ክር አለው፤ ክሩ በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት ይፈተላል። ያ የሚያንዛርረው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምጹ ግን ከክሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ክሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል። ደርዳሪው ቆዳውን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲያደርገው ድምጹ ይለወጣል። እንዚራው ካልተስተካከለ ያው በገና ያው ክር ሆኖ ድምጹ ይደነዝዛል። ስለዚህ አባቶቻችን በገናው አልጮህ ሲላቸው በገናውን አልጣሉትም፤ ክሩንና እንዚራውን አዩ።

ቤዝ ጊታርም ያው ነው። ሽማግሌው የልጄን ልጅ ጊታር ጭናቸው ላይ አጋድመው በአውራ ጣታቸው መታ መታ አደረጉና «ይህን ክር መቼ ነው የቀየርከው?» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። ከተገዛ ጀምሮ ተቀይሮ አያውቅም።

ክር ይሞታል

የቤዝ ጊታር ክር ሙሉ ሽቦ አይደለም። መሐሉ ላይ የብረት አስኳል አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ሌላ ቀጭን ሽቦ ጥቅጥቅ ብሎ ተጠምጥሞበታል። በጥምጥሙ መካከል የጣት ላብ፣ ቅባት፣ የቆዳ ፍቅፋቂና አቧራ ይገባል። የእኛን የተፍኪን የበጋ አቧራ ለምታውቁ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ቆሻሻ ክሩ እንደ ልቡ እንዳይርገበገብ ያደርገዋል። ብረቱም ይዝጋል፤ ፍሬቱ ላይ ሲመታ በኖረበት ቦታ ይጎደጉዳል።

ክር ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው ከላይ ያለው ጥርት ያለው ድምጽ ነው። ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቀጭኑ ደግሞ 98 ጊዜ። የሰው ጆሮ እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምጽ በደንብ አይሰማም፤ ትንንሽ ድምጽ ማጉያዎችም አያወጡትም። የቤዙን ቃና ለይተን የምንሰማው ከዚያው ክር ላይ አብረው በሚወጡት፣ የዚያ ቁጥር ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ በሆኑ ቀጫጭን ድምጾች ነው። ክሩ ሲቆሽሽ የሚታፈኑት በመጀመሪያ እነዚህ ናቸው። ከዚያ የሚቀረው «ዱም ዱም» ብቻ ነው። ልጁ ጀሪካን ያለው ይህን ነው።

ሁለት ዓይነት ክር በብዛት ይገኛል። አንደኛው ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሲሆን ሙዚቀኞቹ ራውንድዋውንድ ይሉታል፤ ሲነካ ይሻክራል፣ ድምጹ ግን ደማቅና ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ፍላትዋውንድ ነው፤ ለጣት ይለሰልሳል፣ ድምጹም የደበዘዘና ክብ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የድሮውን ዘፈን ድምጽ የሚወድ ሁለተኛውን ይመርጣል። የአሜሪካው የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን ወፍራም ፍላትዋውንድ ተጠቅሞ ክሩ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባልለታል። ስለዚህ የቆየ ክር ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው ልጁ የሚፈልገው ድምጽ የትኛው ነው የሚለው ነው። የእኛው ልጅ የያዘው ራውንድዋውንድ ነበር፤ የሚፈልገውም ጥርት ያለውን ድምጽ ነው።

ሲገዛ የሚታዩ ነገሮች ጥቂት ናቸው። በብዛት የሚሸጠው የክር ውፍረት ከ45 እስከ 105 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ የኢንች አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ወፍራሙ ክር 2.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጊታሩ ክር ከላይ ካለው ጥርስ እስከ ድልድዩ ያለው ርዝመት ብዙውን ጊዜ 86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጫጭር ቤዞችም ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ። አጭር ክር አይደርስም። የሚገዛው ልጅ ባለ አምስት ክር መሣሪያ ካለው ደግሞ የባለ አራቱን ገዝቶ እንዳይመለስ።

የተቀቀለ ክር

ሽማግሌው ታዲያ ወዲያው ግዙ አላሉንም። «ሲስተር፣ እርስዎ ቀቅለው ያውቃሉ አይደል?» አሉኝ እየሳቁ። እኛ ሥራ በጀመርንበት ዘመን የመስታወት ሲሪንጅና መርፌ ቀቅለን ነበር የምንጠቀመው። የድሮ ሙዚቀኞችም አዲስ ክር ሲያጡ የቤዝ ክር ይቀቅሉ ነበር ለካ!

አደራረጉ ይህ ነው። ክሮቹ አንድ በአንድ ይላላሉ፣ ሳይሰበሩ ሰፋ ባለ ክብ ይጠቀለላሉ። ምግብ በማይሠራበት ድስት ውስጥ ውኃ ሲፈላ ይገባሉ፤ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይወለወላሉ፣ ፀሐይ ላይ ፍጹም ይደርቃሉ፤ እርጥበት የቀረበት ክር ይዝጋልና። በናይለን የተሸፈነ ክር አይቀቀልም።

ስንቀቅል ውኃው ጭቃ መሰለ። እናቱ ከጓዳ ወጥታ ድስቱን አይታ «በዚህ እጅህ ነው እንጀራ የምትበላው?» ስትል ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ክሩ ሲመለስ ድምጹ ተለውጧል፤ ይህን እኔም ሰማሁት። ነገር ግን አትሳሳቱ፣ መቀቀል ቆሻሻውን ያወጣል እንጂ ዝገቱንና ጉድጓዱን አያድንም። ድምጹ ለጥቂት ቀናት ደመቀ፤ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ተመልሶ ደበዘዘ። ክር ተፈትቶ በታሰረ ቁጥርም ይደክማል። ጥቅሙ ሌላ ነው። ገንዘብ ሳናወጣ በሽታው ክሩ ላይ እንዳለ አረጋገጠልን። በሕክምና ቋንቋ ምርመራ እንጂ ሕክምና አልነበረም። ቀጥሎ አዲስ ክር ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ዋጋው ከአዲስ ቤዝ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አዲስ ክር ሲታሰር አራቱንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ። አራቱ ክሮች ተጣምረው የጊታሩን አንገት ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል፤ ሁሉም በአንዴ ሲለቀቅ አንገቱ ይወዛወዛል። አንዱን አውጥቶ አንዱን ማሰር ይሻላል። ሲቆረጥ ደግሞ የብረቱ ቁራጭ ዓይን ውስጥ ሊፈናጠር ይችላል፤ ሕፃናትን ራቅ አድርጉ፣ የተቆረጠውንም ጫፍ ሰብስባችሁ ጣሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብ፣ ከተጫወቱ በኋላ ክሩን ከላይም ከታችም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ይህን ብቻ በማድረግ የክሩ ዕድሜ በብዙ ይረዝማል።

በካቻቢቴ ብቻ የሚስተካከል

ክሩ ከተቀየረ በኋላ ሁለተኛው ምርመራ ምንም ወጪ የለውም። ከክሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ሳጥን ፒክአፕ ይባላል፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እሱ ነው። በጎንና በጎኑ ብሎኖች አሉት። በካቻቢቴ ሲዞሩ ፒክአፑ ወደ ክሩ ይቀርባል ወይም ይርቃል። በጣም ከራቀ ድምጹ ይደክማል። በጣም ከቀረበ ደግሞ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስበው ድምጹ ይዛባል፣ ቅኝቱም የተበላሸ ይመስላል። ክሩ መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኖ ከፒክአፑ በላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቢኖር ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በጆሮ እየሰሙ በሩብ ዙር ማስተካከል ነው። የእኛው ፒክአፕ በአንድ ወገን ሰምጦ ነበር። ወፍራሙ ክር ብቻውን የሚጮኸው፣ ቀጭኖቹ የሚጠፉት ለዚህ ነበር።

ሌሎችም የሚፈተሹ አሉ። ኬብሉን በሌላ ኬብል ቀይራችሁ ሞክሩ። ጃኩ ሲነካ ይንኮሻኮሻል ወይ? የድምጽ ቁልፉ ሲዞር ይሻክራል ወይ? ጊታሩን ከሌላ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ ስሙ፤ በሽታው የአምፕሊፋየሩ ሊሆን ይችላልና። አንዳንድ ቤዞች ከጀርባቸው ባለ 9 ቮልት ባትሪ አላቸው። ባትሪው ሲደክም ድምጹ ይቆራረጣል፣ ይሰነጣጠቃል። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ኬብሉ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪው ያልቃል፤ ልጁ ተጫውቶ ሲጨርስ ነቅሎ ማስቀመጥን ይልመድ። በባትሪ ምክንያት አንድ ሙሉ ጊታር «ተበላሸ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል።

ፒክአፑ ሲቀየር ምን ይገኛል?

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምጹ አሁንም ካላረካ የፒክአፑ ተራ ይመጣል። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ፣ ከጸጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። ለዚህም ነው እንዲህ ያለው ፒክአፕ በናይለን ወይም በአንጀት ክር የማይሠራው። የናይለን ክር ያለውን ክራር በኤሌክትሪክ ለማጫወት ንዝረቱን ከእንጨቱ ወይም ከቆዳው ላይ የሚቀበል ሌላ ዓይነት ፒክአፕ ይለጠፍበታል።

በብዛት የምናያቸው ቤዞች ከሁለት ሞዴሎች የተቀዱ ናቸው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ፤ በ1957 ፒክአፑን ለሁለት ከፍሎ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው። በ1960 ደግሞ ሁለት ረጃጅም ፒክአፕ ያለው ጃዝ ቤዝ መጣ። የፕሪሲዥኑ ድምጽ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ የጃዙ ደግሞ ሁለቱን ፒክአፕ በማመጣጠን ሊለዋወጥ ይችላል። ወደ ድልድዩ የቀረበ ፒክአፕ ጠንከርና ቀጠን ያለ ድምጽ ይሰጣል፤ ወደ አንገቱ የቀረበ ደግሞ ሰፊና ለስላሳ።

አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ ከመብራቱ መስመር የሚመጣውን «ሁም» የሚል ጩኸት ይቀበላል፤ የእኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነውና። ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኙ ግን ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። የፕሪሲዥኑ የተከፈለ ፒክአፕ ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው። ልጃችሁ የሚያማርረው ስለ ጩኸት ከሆነ ፒክአፕ መቀየር ይረዳል። የሚያማርረው ስለ ደነዘዘ ድምጽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ክሩ ይታይ።

ከመግዛት በፊት የድሮው ፒክአፕ ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካ፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ያለበት ቦታም ይታይ። ካልገጠመ እንጨቱን መቦርቦር ይመጣል፤ የተቦረቦረ እንጨት አይመለስም። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ይነሱ። ውስጥ ያሉት የድምጽ ቁልፎች ርካሽና ያረጁ ከሆኑ አብረው ቢቀየሩ መልካም ነው። የድሮውም ፒክአፕ አይጣል፤ አዲሱ ካልተወደደ ይመለሳል።

መጠበቅ ያለበትን ያህል መጠበቅም ያስፈልጋል። ፒክአፕ የጣትን ድክመት አይሸፍንም፣ የተሰነጠቀ ድምጽ ማጉያንም አያድንም። ሽማግሌው ለልጁ «መጀመሪያ ጣትህ፣ ቀጥሎ ክርህ፣ ከዚያ ፒክአፕህ» አሉት። አዲስ ቤዝ የሚያስፈልገው አንገቱ ተጣሞ ማስተካከያ እንቢ ያለ፣ ወይም እንጨቱ የተሰነጠቀ እንደሆነ ነው። የእኛው ደህና ነበር።

ብየዳ፣ ቃጠሎና ኤሌክትሪክ

ፒክአፕ ሲቀየር ብየዳ አለ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል፤ ከፍሎ ማሠራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጁ ራሱ ልሞክር ካለ ግን ጥቂት ነገር እንደ ነርስ ልናገር። የመበየጃው ጫፍ ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል። የመበየጃው ማዕድን ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መስኮት ይከፈት፣ ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ፣ ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ቁርጥራጩ ይጠረግ። ቢቃጠል ቦታው ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ይቆይ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡ፤ እነዚህ የባሰ ያደርጉታል እንጂ አያድኑም።

አንድ ነገር ደግሞ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ልጁ ክሩን ሲነካ ወይም ከንፈሩ ማይክሮፎን ሲነካ «ነዘረኝ» ካለ ወዲያው ይቁም። ይህ የጊታሩ ድምጽ ችግር ሳይሆን የመስመሩ ችግር ነው፤ የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ወይም የተበላሸ አምፕሊፋየር ሊሆን ይችላል። በእኛ ሜዳ ክረምት ሲገባ መሬቱ ውኃ ያዝላል፤ ወለሉ እርጥብ በሆነ አዳራሽ ወይም ድንኳን ውስጥ አደጋው ይብሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው ማንም እንዳይነካው።

እኔን ያስደነገጠኝ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ክሩን እየቀቀልን ሳለ ልጁን እንደ ሕመምተኛ ጠየቅሁት። «ድምጹ ሲጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ቮልዩም እጨምራለሁ። ካልሆነ ደግሞ ስፒከሩ ሥር እቆማለሁ፣ እማማ።»

«ከሠርግ ስትመለስ ጆሮህ ምን ይላል?»

«ይጮሃል። እስከ ጠዋት ሲ... ይላል። ሁላችንም ጋ ያለ ነው።»

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። ልጁ የሞተ ክር ይዞ፣ የራሱን ድምጽ ለመስማት ሲል ለወራት ጆሮውን ስፒከር ላይ ደግኖ ኖሯል። ክሩ ጥርት ያለውን ድምጽ ስለማያወጣ ቮልዩም ቢጨምርም የሚጨምረው «ዱም ዱም» ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደገና ይጨምራል። ሌሎቹም እሱ ሲጮህባቸው የራሳቸውን ይጨምራሉ። እኛ ቤት ስለ ገንዘብ ስንጣላ የልጁ ጆሮ እየሄደ ነበር።

በውስጠኛው ጆሯችን ድምጽ የሚቀበሉ ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በሰው ልጅ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ከጩኸት በኋላ የሚመጣው የጆሮ ጩኸት ማስጠንቀቂያ ነው። መጀመሪያ ያልፋል፤ ሲደጋገም ይቀራል። ለሥራ ቦታ በባለሙያዎች ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ 85 ዴሲቤል ላይ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ይላል፤ ድምጹ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የሠርግ ድንኳን ስፒከር ሥር ይህን መድረስ ከባድ አይደለም፤ ሠርግ ደግሞ በ15 ደቂቃ አያልቅም።

የሚደረገው ብዙ ወጪ የለውም። ከስፒከር ፊት አለመቆም፤ ስፒከሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ ወደ ሕዝቡ ማዞር፤ በየመሐሉ ወጣ ብሎ ጆሮን ማሳረፍ፤ ለዚሁ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ መጠቀም። ጥጥ ብዙ አይከላከልም። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን «ያልፋል» ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

የልጄ ልጅ ሐኪም ታየ፤ የመስማት ምርመራም ተደረገለት። ጉዳቱ ገና ጅምር ላይ ነው፤ ጆሮውን ከጠበቀ ሊቆም እንደሚችል ተነገረን። እናቱ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቤዙ ስትናገር «እንጨትና ሽቦ» ብላ አታውቅም። እሱም ለእሷ የሚመልሰው ቃል ለሰሰ።

እቁቡ ወጣ፣ እህቱም ተመዘገበች። በጥር ሠርግ ከሠራው ገንዘብ እሱ ራሱ ያገለገለ ፒክአፕ ገዛ፤ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ በየደለት። የፒክአፑ ለውጥ የክሩን ያህል አይደለም፤ ጩኸቱ ግን ጠፍቷል፣ ድምጹም ረጋ ብሏል። ባለፈው እሑድ መዝሙሩ ሲጀመር እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከስፒከሩ ርቆ፣ ጆሮው ላይ መድፈኛ አድርጎ ቆሟል። እናቱ ጎኔ ተቀምጣ ትንሽ አዳመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያ የሱ ነው አይደል?» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሲጫወት ለይታ የሰማችው ያን ቀን ነው።